ጆዲ ዊልሰን ሬይቦልድ ማን ናቸው? ክሱን አላቋርጥም ያሉት የካናዳ ፍትሕ ሚኒስትር

ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሴት ስማቸው እኛ ጋር ብዙም አይታወቅም። ካናዳ ውስጥ ግን የጀስቲን ትሩዶን መንግሥት ክፉኛ ያናወጠ ታሪክ አላቸው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጆዲ በ1971 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ከካናዳ ነባር ሕዝቦች ተወለዱ። አባታቸው ቢል ዊልሰን የታወቁ የመብት ታጋይ ነበሩ። በ1983 በተካሄደ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ላይ ሁለቱ ልጆቻቸው ጠበቃ፣ ከዚያም ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን እንደሚፈልጉ፣ ሁለቱም ደግሞ ሴቶች እንደሆኑ ለፒየር ትሩዶ ነገሯቸው። አዳራሹ ሳቀ። ከ32 ዓመት በኋላ የፒየር ልጅ ጀስቲን ከሁለቱ አንዷን የፍትሕ ሚኒስትርና ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ አድርገው ሾሙ። ከነባር ሕዝቦች ወገን ቦታውን ሲይዝ ጆዲ የመጀመሪያዋ ናቸው።

ከዚያ በፊት ቫንኩቨር ውስጥ ዓቃቤ ሕግ ሆነው ሠርተዋል፤ ከ2009 ጀምሮም የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነባር ሕዝቦችን ወክለዋል። ካናቢስን ሕጋዊ ያደረገው ሕግም በእሳቸው ዘመን ነው የወጣው።

ዋናው ጉዳይ ግን ኤስኤንሲ ላቫሊን ነው። ሞንትሪያል ያለው ይህ ግዙፍ የግንባታ ኩባንያ ሊቢያ ውስጥ ጉቦ ሰጥቷል ተብሎ ተከሷል። ጥፋተኛ ከተባለ ለ10 ዓመት የፌዴራል መንግሥት ሥራ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ክሱ በድርድር እንዲያልቅለት ፈለገ። በ2018 የክሱ ኃላፊዎች አይሆንም አሉ። ጆዲም ውሳኔያቸውን አልሽርም አሉ።

ከዚያ ስልኩም ስብሰባውም በዛ። በኋላ ለፓርላማ ኮሚቴ ሲመሰክሩ 11 ያህል ሰዎች እንደጎተጎቷቸው ተናገሩ። ትሩዶ ራሳቸው ስለ ሥራ መጥፋትና ስለ ኩቤክ ምርጫ አንስተውባቸዋል። ልብ በሉ፣ የተፈጸመው ወንጀል ነው አላሉም፤ ተገቢ አይደለም ነው ያሉት።

ጥር 2019 ወደ ጡረተኛ ወታደሮች ጉዳይ ሚኒስቴር ተዛወሩ። ትሩዶ ሽግሽጉ የመጣው ሌላ ሚኒስትር በመልቀቃቸው ነው ቢሉም ብዙ ሰው አልተዋጠለትም። በየካቲት ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ጆዲም ከካቢኔው ለቀቁ። ጄን ፊልፖት የተባሉ ሌላ ሚኒስትርም ተከተሏቸው። ሚያዝያ ላይ ሁለቱም ከሊበራል ፓርቲ የፓርላማ ቡድን ተባረሩ። ጆዲን በተለይ የጎዳቸው ከአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ጋር በስልክ ያወሩትን ሳያሳውቁ መቅዳታቸው ነው። እኛም ብንሆን ሥራ ባልደረባችን እንዲህ ቢያደርገን ደስ አይለንም፤ ግን ያ ቅጂ ባይኖር ማን ያምናቸው ነበር?

ነሐሴ ላይ የሥነ ምግባር ኮሚሽነሩ ትሩዶ የጥቅም ግጭት ሕጉን ጥሰዋል ብለው ወሰኑ። ትሩዶ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፣ ለሥራ ቦታዎች በመቆሜ ግን ይቅርታ አልጠይቅም አሉ። በጥቅምቱ ምርጫ ጆዲ ያለ ፓርቲ ተወዳድረው አሸነፉ፤ በዚያ ምርጫ ያሸነፉ ብቸኛ የግል ተወዳዳሪም ነበሩ። በ2021 ግን ድጋሚ አልተወዳደሩም፣ መጽሐፍ ጽፈው ወጡ።

ኩባንያውስ? ታኅሣሥ 2019 የግንባታ ክፍሉ በማጭበርበር ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 280 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ተቀጣ። የፈራው የ10 ዓመት እገዳ ግን አልመጣበትም።