ጅራታሙ ኮከብ በአየር ጤና ምዕራብ፦ የሰማይ ምስል መቼ የታሪክ ሰነድ ይሆናል?



በ2017 ዓ.ም. የጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከአየር ጤና ወደ ወጨጫ ተራራ ለሚመለከት ሰው፣ በምዕራቡ ሰማይ ጅራታም ኮከብ የሚታይበት ወቅት ነበር። ስሙ ሹቺንሻን-አትላስ ይባላል፤ ስሙንም የወረሰው በቻይና ከሚገኝ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያና በደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ከተተከለው የአትላስ ቴሌስኮፕ ነው። ለፀሐይ እጅግ የቀረበው መስከረም 17፣ በመስቀል በዓል ዕለት ነበር። ለምድር የቀረበው ደግሞ ጥቅምት 2፣ በ70 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ነው።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን የታሪክ ነው። በዚያ ሰሞን በስልክ የተነሣ ምስል ከመቶ ዓመት በኋላ ምን ይመሰክራል?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን በጎንደር ስለታየ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ሲተርክ፣ የታየው ከቅዱስ ሚካኤል በዓል ሁለት ቀን አስቀድሞ መሆኑን ያመለክታል። በጊዜው የተነገረው ትንቢት ዛሬ አይጠቅመንም፤ የበዓሉ ስም ግን ይጠቅመናል። ክስተቱን በሌሎች አገሮች ከተጻፈው ጋር የምናስተያየው በእርሱ ነውና።

በአንጻሩ፣ የመጀመሪያው የጅራታም ኮከብ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1858 በእንግሊዝ በዊልያም አሸርዉድ ተነሥቶ ነበር። ምስሉ ጠፍቷል፤ የምናውቀው ስለ እርሱ በተጻፈው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 ዴቪድ ጊል በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታላቁን ጅራታም ኮከብ ሲያስነሣ፣ ከጀርባው እጅግ ብዙ ከዋክብት በምስሉ ላይ ተገኙ። ሰማይን በፎቶግራፍ የመመዝገብ ሥራ የተስፋፋውም ከዚያ ወዲህ ነው። ምስል ያነሣው ሰው ያላሰበውንም ይይዛል።

የአየር ጤናውም ምስል እንዲሁ ነው። ካሜራው ለጥቂት ሰከንዶች ብርሃን ሲሰበስብ፣ ከኮከቡ ጋር የመንገድ መብራቱን፣ የሕንጻውን ጫፍና የተራራውን መስመር ይሰበስባል። ስለዚህ የሰማይ ብቻ ሳይሆን የከተማይቱም ሰነድ ነው።

ነገር ግን በእኛ ዘንድ አንድ ልዩ አደጋ አለ። በምስሉ ግርጌ «4/2» ተብሎ ቢጻፍ፣ ጥቅምት 4 ነው ወይስ ፌብሩዋሪ 4? «ጥቅምት 4» በግዴለሽነት «ኦክቶበር 4» ተብሎ ቢተረጎም፣ የአሥር ቀን ስሕተት ይፈጠራል፤ ኦክቶበር 4 ደግሞ ኮከቡ በንጋት እንጂ በምሽት ሰማይ አልነበረም። እውነተኛው ምስል ሐሰተኛ ይመስላል። «አንድ ሰዓት» የሚለውም ማስታወሻ በስልኩ አቆጣጠር ሲነበብ ምሽቱን እኩለ ሌሊት ያሳልፈዋል። ምስሉ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍም በውስጡ የተመዘገበው ቀንና ሰዓት ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችንን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ዋናውን ፋይል ጠብቁ። ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ከነአቆጣጠሩ፣ የቆማችሁበትን ስፍራና ያያችሁበትን አቅጣጫ ጻፉ። ያ ኮከብ በእኛ ዕድሜ ዳግመኛ አይመጣም፤ የጎንደሩ ተራኪ በአንድ በዓል ስም ያቆየልንን ያህል እኛም ለመጪው ትውልድ ልናቆይ ይገባናል።