ቲኬት፣ ተቆጣጣሪና መቀጮ፤ ከምድር ውስጥ ባቡር ታሪክ

ሕዝብ በሚሳፈርበት በማናቸውም መጓጓዣ ከመንኮራኩሩና ከሞተሩ ያላነሰ ኃላፊነት የተሸከመች አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለች። እርሷም ቲኬት ናት። መንገደኛው ሒሳቡን መክፈሉን የምትመሰክር፣ ሻጩ የሰበሰበውን ገንዘብ የምታስቆጥር፣ በታጣችም ጊዜ ሰውን ከዳኛ ፊት የምታቆም ይህች ቁራጭ የራሷ ታሪክ አላት። ታሪኳም ጎልቶ የሚታየው በታላላቅ ከተሞች የምድር ውስጥ ባቡር ነው፤ እልፍ አእላፍ ሕዝብ በጠባብ በር በሚተላለፍበት ስፍራ እያንዳንዱን ሰው «ከፍለሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ሥራ አይደለምና። (ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ አገር ባቡር ሥራ በጀመረባቸው ዓመታት ቲኬት በእጅ የሚጻፍ ወረቀት ነበር። ጸሐፊው አንዱን ጽፎ ሌላውን እስኪጀምር ሰልፉ ይረዝማል፤ የተሸጠውንም ከተሰበሰበው ገንዘብ ጋር ማመሳከር ያስቸግራል። በአናጢነት ሙያ የሠለጠነውና በኋላ በኒውካስልና ካርላይል መስመር የጣቢያ ኃላፊ የሆነው ቶማስ ኤድመንድሰን በ1830ዎቹ መጨረሻ መላ ዘየደ። በቅድሚያ የታተሙ፣ ተራ ቁጥር ያላቸው ትናንሽ የካርቶን ቲኬቶችንና ቀን የሚያትም መሣሪያ አዘጋጀ። ማታ የቀረው ቲኬት ቁጥር ከጧቱ ቁጥር ጋር ሲተያይ ሻጩ ምን ያህል ገንዘብ ማስረከብ እንደሚገባው ወዲያው ይታወቃል። እንግዲህ በቲኬት ላይ የሰፈረው ቁጥር ከመንገደኛው አስቀድሞ የተቆጣጠረው ሻጩን ነበር ማለት ነው።

በዓለም የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር በለንደን ጥር 10 ቀን 1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን ለሕዝብ ሲከፈት ይኸው አሠራር ወደ ዋሻው ገባ። ሠረገሎቹ በሦስት ማዕርግ የተከፈሉ ስለ ነበሩ ተቆጣጣሪው መክፈልን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው በከፈለበት ማዕርግ መቀመጡን ጭምር መመልከት ነበረበት። በ1889 የወጣው የባቡር መንገዶች ሕግ ደግሞ ለጉዳዩ መልክ ሰጠው። መንገደኛው ሲጠየቅ ቲኬቱን ማሳየት፣ ወይም ሒሳቡን መክፈል፣ ወይም ስሙንና አድራሻውን መስጠት አለበት። ላለመክፈል አስቦ የተጓዘ እንደ ሆነ እስከ 40 ሺሊንግ ይቀጣል፤ ከደገመ እስከ 20 ፓውንድ ወይም እስከ አንድ ወር እሥራት ይጠብቀዋል። ሕጉ «አስቦ» የሚለውን ቃል ማስገባቱ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ቲኬቱ የጠፋበትና ሊያታልል የተነሣው ሰው በአንድ ሚዛን እንዳይመዘኑ የሚያደርግ ቃል ነውና።

በፓሪስ ሐምሌ 19 ቀን 1900 የተከፈተው ሜትሮ ቁጥጥሩን በሰው እጅ ላይ ጣለ። አንደኛው ማዕርግ 25 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 15 ሳንቲም ነበር፤ በየመግቢያው የተቀመጠ ቲኬት በሺ የእያንዳንዱን ሰው ቲኬት እየተቀበለ ይበሳ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ተለይቶ ትናንሽ ቀዳዳ ሲበሳ የሚውለው ይህ ሠራተኛ በ1958 ለዘፋኙ ለሰርዥ ጌንስቡር የዘፈን ርእስ እስከ መሆን ደርሷል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን ማግኔት ያለበት ቲኬትና አውቶማቲክ በር ቦታውን ወሰዱ። መሣሪያው ደመወዝ አይጠይቅም፤ ነገር ግን በላዩ ዘሎ የሚያልፈውን ሰው በዓይኑ አይቶ አያሳፍረውም።

ኒውዮርክ ይህን ትምህርት ቀደም ብላ ቀምሳዋለች። ጥቅምት 27 ቀን 1904 ባቡሩ ሲከፈት ዋጋው ለሁሉ 5 ሳንቲም ነበር። መንገደኛው ቲኬት ገዝቶ በበሩ በቆመው ሠራተኛ ፊት ሣጥን ውስጥ ይጥለዋል፤ ሠራተኛውም በመሣሪያ ይከትፈዋል። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሳንቲም ሲገባበት የሚሽከረከር የብረት በር ሠራተኛውን ተካ። ዋጋው በ1948 ወደ 10 ሳንቲም ከፍ ሲል ችግር አልነበረም፤ በ1953 ወደ 15 ሳንቲም ሲያድግ ግን ለበሩ የሚስማማ የ15 ሳንቲም ገንዘብ አልተገኘም። ከዚህም የተነሣ «ቶከን» የተባለው የብረት ምልክት ተፈጠረ፤ አገልግሎቱም እስከ 2003 ዘለቀ።

ይሁን እንጂ በር በተበጀ ቁጥር ማለፊያውም አብሮ ይበጃል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጎረቤት በኮነቲከት ክፍለ ሀገር ለአውራ ጎዳና ክፍያ የሚያገለግል የ17 ሳንቲም ተኩል ቶከን የኒውዮርክን በር እንደሚከፍት ታወቀ፤ የባቡሩ ቶከን ግን 75 ሳንቲም ያወጣ ነበር። ሌሎች ደግሞ በማስገቢያው ቀዳዳ ወረቀት ወትፈው፣ መንገደኛው ያስገባው ቶከን ሲቀረቀር በአፋቸው መጥጠው ያወጡ ነበር። አንድን ቶከን ለማግኘት አፉን ከቆሻሻ ብረት ላይ የሚያሳርፍ ሰው የደረሰበት ማጣት የቱን ያህል እንደ ሆነ በር ሠሪዎቹ በሥዕላቸው ላይ አላሰፈሩትም።

ጀርመን ሌላ መንገድ መረጠች። ዛሬ የበርሊን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች መዝጊያ በር የላቸውም፤ ሰው በእምነት ይገባል፣ ተቆጣጣሪዎችም በድንገት ይመጣሉ። እምነቱ ግን ጽኑ ሕግ ይከተለዋል። በቀድሞው የጀርመን ሕግ ማታለል ወንጀል የሚሆነው የሚታለል ሰው ሲኖር ነበር፤ መኪና ደግሞ አይታለልም። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በ1935 ሰኔ ወር በወንጀለኛ መቅጫው ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ፤ ሳይከፍል አገልግሎት ያገኘ ሰው እስከ አንድ ዓመት እሥራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል ይላል። ከዚህ የፍርድ ቤት ቅጣት ሌላ በተቆጣጣሪ የተያዘ ሰው የሚከፍለው ጭማሪ በ2015 ከ40 ወደ 60 ኤውሮ ከፍ ብሏል።

ጭንቁ ያለው ከመቀጮው በስተጀርባ ነው። ፍርድ ቤት የጣለበትን ቅጣት መክፈል ያልቻለ ሰው በምትኩ ይታሰራል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ጥፋት ሠርተው፣ አንዱ ከኪሱ አውጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሌላው ወደ ወኅኒ ይወርዳል። በ2021 መጨረሻ አንድ ጋዜጠኛ ከሕዝብ መዋጮ እየሰበሰበ የእነዚህን እሥረኞች ዕዳ መክፈል ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ተፈትተዋል። መንግሥትም በበኩሉ ከየካቲት 2024 ጀምሮ በቅጣቱ ምትክ የሚታሰሩትን ቀኖች በግማሽ ቀነሰ። አንቀጹ ይሠረዝ ወይስ ይጽና የሚለው ክርክር ግን በዚህ አልተዘጋም።

በስዊድን የተነሣው ሐሳብ ይበልጥ ያስደንቃል። በ2001 በስቶክሆልም የተቋቋመ አንድ ማኅበር አባሎቹ በወር 100 ክሮና እያዋጡ፣ ከመካከላቸው ያለ ቲኬት የተያዘውን ሰው መቀጮ በጋራ እንዲከፍሉለት አደረገ። እድር ለኀዘን እንደሚደርስ ይህም ለመቀጮ የሚደርስ መሆኑ ነው። የሐሳቡ ደጋፊዎች መጓጓዣ በግብር ወጪው ተችሎ ለሁሉ በነጻ ይሁን ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የከፋዩን ሸክም የሚያከብድ አድራጎት ነው ብለው ያወግዙታል።

የተቃዋሚዎቹ ነገር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የኒውዮርክ የመጓጓዣ ባለሥልጣን ያቋቋመው አጥኚ ቡድን በ2023 ባቀረበው ዘገባ መሠረት፣ በ2022 ሒሳባቸውን ካልከፈሉ ተጓዦችና ባለ መኪናዎች የቀረው ገቢ 690 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከዚህም 285 ሚሊዮኑ የምድር ውስጥ ባቡሩ ድርሻ ነው። ይህ ገንዘብ የሐዲድ እድሳትና የሠራተኛ ደመወዝ ይሆን የነበረ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ መስከረም 15 ቀን 2024 በብሩክሊን ሰተር አቬኑ ጣቢያ፣ 2 ዶላር ከ90 ሳንቲም ሳይከፍል ገባ የተባለና ቢላዋ የያዘ ሰው ሲያሳድዱ ፖሊሶች በተኮሱት ጥይት አራት ሰዎች ቆስለዋል፤ ከቆሰሉትም መካከል ሁለቱ በአጠገቡ የነበሩ መንገደኞች፣ አንዱ ራሱ ፖሊስ ነበር። ከተማው ከ2019 ጀምሮ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በግማሽ ዋጋ እንዲጓዙ ማድረጉ ግን፣ መንሥኤውን ከሥሩ ለመንካት የተደረገ ጥረት ሆኖ ይቈጠራል።

ጥያቄው ለአዲስ አበባም ባዕድ አይደለም። በአንበሳ አውቶቡስ የቲኬት ቆራጩን ድምፅ እየሰማ ያደገ ከተሜ፣ በ2015 ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር ያንኑ አሮጌ ጥያቄ በአዲስ መልኩ አግኝቶታል። ገቢው እንዳይባክን የሚቆጣጠር ይኑር፤ ይህ የታመነ ነው። ዳሩ ግን ከኤድመንድሰን ካርቶን እስከ በርሊን ወኅኒ የተጓዘው ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ቁም ነገር አለ። መልካም ቁጥጥር ሻጩንም መንገደኛውንም በእኩል ዓይን የሚያይ፣ የረሳውን ካታለለው የሚለይ፣ ያጣውንም ካመፀው የማያደባልቅ ነው። ሦስቱን ያላሟላ ቁጥጥር ሳንቲሙን ቢሰበስብ እንኳ የሕዝቡን አመኔታ ከበሩ ላይ ጥሎ ያልፋል።