የጋፋት መዶሻና የቤተልሔም ድጓ

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲያቀኑ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በመቶ የሚቆጠር ሰው ይጎትተው ነበር። በጋይንት ደጋ አድርጎ በጨጨሆ በኩል መንገድ እየተጠረገለት ወራት ፈጀ። መድፉ የተሠራው ከደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው። ሠሪዎቹ እነ ዋልድማየር ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ የክሪሾና ሚሲዮን ባለ እጆች ናቸው፤ ንጉሡ ግን መድፍ አሠሯቸው፣ የአገሬውንም ወጣት ሙያ እንዲቀስም አጠገባቸው አኖሩ። የአገራችን የቴክኒክ ሥልጠና ታሪክ ሲነሣ ጋፋት ሳይጠራ አይቀርም። የጋፋት ዕድሜ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲወድቁ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀቁ፤ ጋፋትም ምድጃው ጠፋ።

መድፉ ያቋረጠው ጋይንት ግን ያኔም የራሱ ትምህርት ቤት ነበረው። ድጓ የሚመሰከረው ቤተልሔም ነው፤ ዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ። የእስቴው ቆማ ፋሲለደስ ደግሞ በስሙ የሚጠራ የዜማ ስልት አለው። ትውፊት የዙር አምባን ነገር ከቅዱስ ያሬድ ይጀምራል። የታሪክ ተመራማሪ እግሩን አጥብቆ የሚተክለው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) ነው፤ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል፣ ከስማዳ በሽሎን ተሻግሮ ባለው ሳይንት፣ በተድባበ ማርያም፣ ለድጓ የዜማ ምልክት እንዳበጁ ተመዝግቧል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምልክት ከተጻፈ ወዲያ ዜማ ይታረማል፤ የሚታረም ነገር ደግሞ ይመሰከርበታል። ቤተልሔም ላይ አስመስክሮ የወጣ መሪጌታ የትም አገር ሄዶ ወንበር መዘርጋት የሚችለው ለዚህ ነው።

የዚህን ትምህርት ወጪ የሚሸፍነው መንደሩ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በውሻ እየተነከሰ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ማታ በቃሉ ያጠናል፤ የበረታው ጀማሪውን ያስቀጽላል። ይህን ማሞካሸት አያሻም፤ ረኃብና እከክ የተማሪውን ቤት አይለቁም ነበር፣ የገበሬው ሴት ልጅም በዚያ ደጅ ቦታ አልነበራትም። ቢሆንም ንጉሥ ሲሞት የማይዘጋ ትምህርት ቤት ነበር።

ዘመናዊው የመንግሥት ትምህርት በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር ገንዘቡ ከቤተ መንግሥት ነበር። ወደ ገበሬው ኪስ የመጣው በ1940 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዓመት የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጣለ። ልጁ የሚገባበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በአካባቢው ሳይኖር ግብሩ ቀድሞ የደረሰበት ባላገር ብዙ ነው። እንዲህ ሆኖ የጋይንትና የእስቴ ገበሬ ሁለት ትምህርት ቤት ይቀልብ ጀመር፤ አንዱን በደረሰኝ፣ ሌላውን በቁራሽ።