ረድእና ረዳት

በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ ከመርከብ ጅቡቲ ላይ አውርዶ፥ በረሓውን አሻግሮ አዲስ አበባ ያደረሳት አውቶሞቢል በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፊት በቆመች ጊዜ፥ የእርሷ ወገን የሆኑት ከባድ መኪናዎች ስንቱን ወጣት ከእናቱ ደጅ ወስደው ወደዚያው ወደብ እንደሚያወርዱት ገና ለማንም የተገለጠ አልነበረም።

ለረጅም ዘመን የወደቡ ሸክም የባቡር ነበር፤ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሷልና። የከባድ መኪና ሰዎች ሙያቸውን ያደላደሉት ይልቁንም በአሰብ መንገድ ነው። የሙያው ቋንቋም ታሪኩን ይናገራል፤ መኪና፥ ጎማ፥ ካንቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ባሌስትራ ከጣልያን፥ ሹፌር ደግሞ ከፈረንሳይ አፍ ሲገቡ፥ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ልጅ ስም ግን የራሳችን ነው። ረዳት ይባላል፤ ሥሩም ግእዙ ረድእ፥ ማለት ደቀ መዝሙር ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ይህን አስበው ባይሆንም፥ ከዚህ የተሻለ ሊገኝለት የሚችል አይመስለኝም።

ልጁ ጢም ሳያበቅል ወደ ሥራው ሲገባ መሪ አይሰጠውም፤ መጀመሪያ የሚሰጠው ታኮ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር የሚወሽቃት ያች እንጨት ወይም ድንጋይ የሰውም የጭነትም ዋስ ናት። ከዚያ ሸራ መወጠር፥ ጎማ መፍታት፥ ሌሊት ጭነት መጠበቅ፥ መኪናው ወደ ኋላ ሲመለስ እጅን እያወዛወዙ «ና! ና! በቃ!» ማለት ይከተላል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግም ዓይኑ ከሹፌሩ እጅና እግር ሳይነቀል፥ በቁልቁለት ማርሽ መቼ እንደሚቀነስ፥ የጋለ ፍሬን በጠረኑ እንዴት እንደሚታወቅ፥ ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ከስንት ርቀት ፍጥነት መቀነስ እንደሚገባ በዝምታ ይማራል። እናቲቱም «ጋሼ፥ አደራዎን፤ እንደ ልጅዎ ይዩልኝ» ብላ ነበር የምትሰጠው፤ ይህም አደራ ከማናቸውም ውል ይልቅ ይከብድ ነበር። ከሚሌ በኋላ፥ በሰርዶና በዲቾቶ በኩል በጅቡቲ ድንበር ወዳለችው ጋላፊ ሲወረድ፥ መንገዱ በቀናበት ሥፍራ መሪው ለጥቂት ደቂቃ በልጁ እጅ ይገባ ነበር። ይህን ሕግ አልፈቀደውም፤ እኔም ንጹሕ ልማድ ነው አልልም፤ ነገር ግን አሮጌው ሹፌር አጠገቡ ነበረ።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ በር ሲዘጋ የአገሪቱ ንግድ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መኪናው በዛ፥ የሹፌር ፍላጎት ናረ፤ ብዙ ዓመት ይፈጅ የነበረው ደቀ መዝሙርነትም፥ እንደሚመስለኝ፥ በዚያ ጥድፊያ አጠረ። ትናንት ታኮ ይይዝ የነበረው ወጣት ዛሬ ተሳቢ እየጎተተ፥ ከእርሱ ጥቂት የሚያንስ ሌላ ልጅ በጎኑ ያስቀምጣል። ሕዝቡ ሲኖትራክ የተባለውን ከባድ መኪና «ቀይ ሽብር» ብሎ መሰየሙ የፍርሃቱን ልክ ያሳያል። የቀድሞዋ እናት ስለ ጥማትና ስለ ሽፍታ ትጨነቅ ነበር፤ የዛሬዋ ግን «የሚነዳው ሰው ዕድሜው ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ጥያቄዋም የተገባ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከማናቸውም ደዌ ይልቅ የሚቀጥፈው የመንገድ አደጋ ነውና። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ለጀማሪ ነጂዎች መንጃ ፈቃድን በየደረጃው፥ ሌሊት መንዳትንና ጓደኛ መጫንን እየከለከለች መስጠት ስትጀምር፥ በሕግ የጻፈችው የእኛ አሮጌ ሹፌሮች ያለ ጽሕፈት ይዘውት ከነበረው ትዕግሥት የራቀ አልነበረም።

በብዙ ጋቢና ውስጥ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ተሰቅሎ ይታያል፤ ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶነ እሳት ሲያወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ቁልቢ ስለት ይዘው ከሚወጡት እናቶች መካከልም ልጃቸው በዚያው ሰዓት ከወደቡ መግቢያ፥ በፒኬ ዱዝ ሰልፍ ላይ፥ በሙቀቱ ውስጥ ከመኪና ሥር ጥላ ፈልጎ የተኛ አይጠፋም። ልጁ ሲነቃ አስቀድሞ ታኮውን ይመለከታል፤ ከዚያ ስልኩን አንሥቶ «እማዬ፥ ደርሰናል» ይላል፤ እርሷም መልሳ የምትጠይቀው ማን ሲነዳ እንዳደረ ነው።