ሕጸጸ አመክንዮ በመተማ ቆላ

ሕጸጸ አመክንዮ ማለት፣ መደምደሚያው ከመነሻው ሳይወለድ የተወለደ መስሎ የሚቀርብበት የክርክር ጉድለት ነው። ጥንት በግሪክ አገር አርስጣጣሊስ በ13 ዓይነት ከፍሎ ጽፎታል፤ በእኛም አገር «ተጠየቅ» እየተባባለ በዐደባባይ ሲሟገት የኖረው ባላገር፣ ስሙን በጽርእ ባይጠራውም፣ ጠባዩን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ምንም እንኳ በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት አንደበተ ርቱዑ እውነት የያዘውን የረታበት ቀን ባይጠፋም።

ከሕጸጾች ሁሉ ሥር የሰደደው፣ ቀድሞ የሆነውን ኋላ ለመጣው ምክንያት አድርጎ መቁጠር ሲሆን፣ ለዚህ ከሱዳን ጠረፍ ላይ ከጋላባት ፊት ለፊት ያለችው መተማ ዮሐንስ ጥሩ ምስክር ናት። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዚህ ስፍራ ከሱዳን ማህዲስቶች፣ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ፣ ሠራዊታቸው የጠላትን ዘሪባ (የእሾህ ቅጥር) ጥሶ ከገባ በኋላ በጥይት ቆሰሉ፤ ወሬው በተሰማ ጊዜም በእጅ የገባው ድል ተመልሶ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱም በቁስላቸው ሲሞቱ፣ ደርቡሾች አስከሬናቸውን ማርከው፣ የተቆረጠውን ራስ ወደ መናገሻቸው ወደ ኦምዱርማን ወስደው፣ ከእምነታቸው ቀጥሎ የመጣውን ድል ለሃይማኖታቸው እውነተኛነት ማኅተም አደረጉት። ነገር ግን ከ2 ዓመት በፊት በዚያው በመተማ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ድል ነሥተዋቸው ነበር፤ በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር እዚያው ኦምዱርማን አጠገብ ደመሰሳቸው። ጦርነትን የፍርድ ወንበር የሚያደርግ ሰው፣ የረታበትን ቀን ጽፎ የተረታበትን ከመዝገቡ ሊፍቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ ቅደም ተከተል የታየበት ሁሉ ሕጸጽ ነው ማለትም ስሕተት ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ መቁሰልና የሠራዊቱ መፍረስ በወሬው ሰንሰለት የተያያዙ ናቸውና።

በዚሁ በመተማ ቆላ የሚታየው ሌላ ምሳሌ፣ የወባው ነገር፣ ግን ይረቅቃል። መስከረም ጠብቶ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረደ የጉልበት ሠራተኛ፣ በእርሻው ዳር የበቆሎ እሸት ጠብሶ ይበላል፤ በማግሥቱ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ጋቢ ቢደርቡለትም አይሞቀውም፤ ባልንጀሮቹም «እሸቱ ነው የጣለው» ይላሉ። በብዙ የኢትዮጵያ ቆላ የታወቀው ይህ እምነት እውነት የሚመስለው፣ እሸቱና ንዳዱ በአንድ ወራት ስለሚደርሱ ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው ዝናቡ ነው፤ በቆሎውን ያፈራው ውኃ በየጉድጓዱ ሲያቁር የወባ ትንኝ ይፈለፈልበታል። ከዚህም በላይ፣ ከንክሻው እስከ ሕመሙ ከ10 እስከ 15 ቀን ስለሚያልፍ፣ በሽተኛው የከረመውን ንክሻ ረስቶ የትናንቱን እሸት ይከሳል። ሮናልድ ሮስ በህንድ አገር የወባውን ተሐዋሲ በትንኝ ሆድ ውስጥ እስካገኘበት እስከ 1889 ዓ.ም. ድረስ፣ ከሊቃውንተ አውሮፓ መካከልም ከረግረግ የሚወጣውን ክፉ አየር የሚከሱ ነበሩና፣ በቆላው ገበሬ ለመሳቅ ባይቸኩሉ ይሻላል።

ሌላው ሕጸጽ፣ ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መንቀፍ ነው። ወጣት የጤና ሠራተኛ አጎበር ይዞ ሲመጣ፣ «ትናንት ከደጋ የወረደ ልጅ ስለ ቆላ ምን ያውቃል?» የሚሉ አዛውንት አይታጡም። ክርክሩ ሰሊጥ መቼ ይታጨድ በሚለው ላይ ቢሆን ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ ከልክ በላይ የደረቀ ሰሊጥ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ፍሬው ይረግፋልና፣ ቀኑን ለመለየት ልምድ ያሻል። ለንዳዱ ግን የልጁ ደገኛ መሆን አጎበሩን አይቀድደውም፤ ከበሽተኛው ጣት የተወሰደችውም የደም ጠብታ በመስተዋት ላይ ተቀብታ በአጉሊ መነጽር ስትታይ፣ ያያት ደገኛም ይሁን ቆለኛ፣ ተሐዋሲው ካለ አለ።