ከአንዲት ፔኒ የተነሣ የምርምር ገንዘብ

በእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ማመልከቻ እያቀረቡ የሚወዳደሩበት የመንግሥት የሕክምና ምርምር ገንዘብ መነሻው አንዲት ፔኒ ናት። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎይድ ጆርጅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ያስወጡት የመድን ሕግ፣ ስለ እያንዳንዱ መድን ስለ ተገባለት ሠራተኛ በዓመት አንድ ፔኒ ለምርምር እንዲመደብ ፈቀደ። የታሰበውም በዚያን ዘመን ሕዝቡን ይፈጅ ስለ ነበረው የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ኮሚቴ በ1913 ሲቋቋም፣ ምርምሩ በአንድ በሽታ ብቻ እንዳይወሰን ተደረገ፤ ይኸውም በእኔ አስተያየት ከፔኒዋ ይልቅ የሚደነቅ ነው።

በ1920 ኮሚቴው በንጉሥ ቻርተር ወደ ምክር ቤትነት ከፍ ሲል፣ ከአንድ ዓመት በፊት በተቋቋመው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር አልገባም። የዕለት ጉዳይ የሚያጣድፈው መሥሪያ ቤት፣ ፍሬው ከብዙ ዓመት በኋላ የሚታየውን ሥራ እንዳያስተጓጉል ተፈርቶ ነበርና። በቢሮ የምንውል ሰዎች ይህን ሥጋት ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻንም።

ይሁን እንጂ የሊቃውንቱም እጅ አንዳንድ ጊዜ ይጠብቅ ነበር። በሴፕቴምበር 1939፣ ጦርነቱ በተጀመረ በቀናት ውስጥ፣ የኦክስፎርዱ ፕሮፌሰር ፍሎሪ ለፔኒሲሊን ምርምር ርዳታ ሲጠይቁ ምክር ቤቱ በመጀመሪያ የፈቀደላቸው 25 ፓውንድ ነበር። የአሜሪካው የሮክፌለር ድርጅት ግን በዓመት 5,000 ዶላር ለአምስት ዓመት መደበላቸው። በሜይ 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦች በገዳይ ጀርም ተወጉ፤ ፔኒሲሊን ያልተሰጣቸው አራቱ ሳይነጋ ሞቱ፣ የተሰጣቸው አራቱ በሕይወት አደሩ።