«ተገናኝቷል» ይላል፣ ግን ኢንተርኔት የለም፦ ክሩ የት ነው የተበጠሰው?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «ላፕቶፑ ዋይፋዩን ይዟል፣ ተገናኝቷል ይላል፣ ግን ምንም አይከፍትም። ምን ላድርግ?» በሁለት መስመር መመለስ ይቻል ነበር። ነገር ግን አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና ዛሬ ከሥሩ ልጀምር። ታሪኩን ያወቀ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያድናል።

ጉዳዩ ለእኛ ቀላል አይደለም። ከመካከላችን የኢንተርቪው ቀጠሮ በኢሜይል የሚመጣለት አለ። ፎርም ኦንላይን የሚሞላ አለ። እናቱን በሳምንት አንዴ በቪዲዮ የሚያይ አለ። ኮምፒዩተሩ እንቢ ሲል ብዙዎቻችን ወደ ሠፈር ጥገና ቤት እንሮጣለን፣ «ፎርማት መደረግ አለበት» እንባላለን፣ ብር እንከፍላለን፣ በዚያው የልጆች የልደት ሰርተፊኬትና የኬዝ ወረቀት ስካን ይጠፋል። ስንመለስ ኢንተርኔቱ አሁንም የለም። ምክንያቱም በሽታው ከመጀመሪያውም ላፕቶፑ ውስጥ አልነበረም።

(ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለምን እንደምለይ ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።)

ኢንተርኔት ገና ሲወለድ ጀምሮ «ተገናኝቷል ግን አይሠራም» አብሮት ተወልዷል። በኦክቶበር 29 ቀን 1969 ሎስ አንጀለስ ከሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ሊጻፍ የታሰበው «ሎግ ኢን» የሚለው ቃል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት፣ ኤል እና ኦ፣ እንደደረሱ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማሽን ወደቀ። ሽቦው አልተበጠሰም፣ መስመሩም ነበረ። ሥራው ግን ቆመ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ተስተካክሎ ሙሉ ቃሉ አለፈ። መገናኘት አንድ ነገር ነው፣ መነጋገር ሌላ።

ዛሬ ላፕቶፓችሁ «ተገናኝቷል» ሲል የሚነግራችሁ ስለ መጀመሪያዋ እርምጃ ብቻ ነው፤ ከእናንተ እስከ ራውተሩ ወይም እስከ ጎረቤት ስልክ ሆትስፖት ድረስ ያለችው ጥቂት ሜትር። ከዚያ ወዲያ ገና አራት አምስት በር አለ። እያንዳንዱ በር የራሱ ታሪክና የራሱ ምልክት አለው።

አንደኛው በር አድራሻ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ጀምሮ የኔትወርኩ ማሽኖች በሙሉ ዛሬም በምንጠቀምበት የጋራ ቋንቋ መነጋገር ጀመሩ፤ በዚያ ቋንቋ እያንዳንዱ ማሽን የቁጥር አድራሻ ያስፈልገዋል። በ1993 ደግሞ ራውተሩ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ አድራሻ በራሱ የሚያድልበት ሥርዓት ወጣ። ራውተሩ ካላደለ ግን ኮምፒዩተሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ለራሱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣል። ይህን ካያችሁ ነገሩ አለቀ፦ ራውተሩ አድራሻ አልሰጣችሁም። አጥፍታችሁ አብሩት፣ ዋይፋዩን «እርሳው» ብላችሁ እንደገና ግቡ።

ሁለተኛው በር ስም ነው። በድሮው ዘመን የማሽኖቹ ስም ዝርዝር በሙሉ በአንድ ፋይል ተጽፎ ስታንፎርድ ይቀመጥ ነበር፤ ኤልዛቤት ፋይንለር የምትመራው ቡድን ይጠብቀው ነበር። ኔትወርኩ ሲያድግ አንድ ዝርዝር አልበቃ አለ። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመውን፣ ዛሬ ዲኤንኤስ የምንለውን ሥርዓት ነደፈ። ይህ አስተርጓሚ ሲታመም መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ምንም ገጽ አይከፈትም። የሰውየውን ቤት መንገድ እያወቁ ስሙን የሚነግር ሰው እንደማጣት ነው።

የትኛው በር እንደተዘጋ የሚነግረን መሣሪያም የተሠራው በዚያው ዓመት ነው። በዲሴምበር 1983 ማይክ ሙስ የተባለ የአሜሪካ ጦር ላቦራቶሪ ባለሙያ ኔትወርኩ እንግዳ ጠባይ ቢያሳየው «ፒንግ» የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። ስሟን የወሰደው ባሕር ሰርጓጅ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን ከሚያዳምጥበት ሶናር ነው። ሥራዋም ያው ነው፦ «አለህ?» ትላለች፣ መልሱን ትጠብቃለች። ዛሬም በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ውስጥ በነፃ ተቀምጣለች።

በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፉ፣ ጥቁር መስኮት ይከፈታል። መጀመሪያ «አይፒኮንፊግ» በሉት፤ «ዲፎልት ጌትዌይ» በሚለው ፊት ለፊት ያለው ቁጥር የራውተራችሁ አድራሻ ነው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ፒንግ አድርጉ፦

የራውተሩን ቁጥር ስትጠሩ መልስ ከሌለ ችግሩ በእናንተና በራውተሩ መካከል ነው።

ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዳታው አልቋል። የሆትስፖቱ ባለቤት ፓኬጅ እንዳለው ሳትጠይቁ ወደ ጥገና ቤት አትሂዱ።

8.8.8.8 መልሶ የድረ ገጽ ስም ስትጽፉ እንቢ ካለ አስተርጓሚው ነው የታመመው። በኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ የዲኤንኤሱን ቦታ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አድርጉት።

አንዳንድ የመሥሪያ ቤትና የካፌ ኔትወርክ ፒንግን ራሱን ስለሚከለክል ጎረቤትንም «ለአንተስ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ አይቅር።

ሦስተኛው በር ባሕር ነው። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት የጀመረችው በ1997 ነው። ምሥራቅ አፍሪካ እስከ 2009 ድረስ ከዓለም ጋር የሚያገናኛት በዋናነት ሳተላይት ነበር፤ እያንዳንዱ ቃል ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ወጥቶ ይመለስ ነበር። በ2009 ሲኮም የተባለው የባሕር ሥር ገመድ ሥራ ጀመረ፣ በ2010 ኢሲ ተከተለ። ኢትዮጵያ የራሷ ባሕር ስለሌላት በጎረቤቶቿ በኩል አልፋ ነው ገመዱ ላይ የምትደርሰው። እኛም ዩጋንዳ ያለነው እንደዚያው ነን።

ገመድ ደግሞ ይበጠሳል። በ2017 የመርከብ መልሕቅ ገመድ ጎትቶ ቆርጦ ደቡብና መካከለኛው ሶማሊያ ከሦስት ሳምንት በላይ ያለ ኢንተርኔት ቆየ። በፌብሩዋሪ 2024 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ተመትታ ስትንሳፈፍ መልሕቋ ገመዶችን እንደቆረጠ ይታመናል። በዚያው ዓመት ሜይ 12 ቀን ኢሲና ሲኮም አንድ ላይ ተጎድተው ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ። የባሕር ገመድ ምልክቱ ይህ ነው፦ አንዳንዱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ አይከፈትም፣ ሁሉም ይዘገያል፣ ጎረቤታችሁም እንደ እናንተ ያማርራል። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ላፕቶፕ ፎርማት ቢደረግ የባሕር ገመድ አይቀጥልም።

አራተኛው በር የሰው እጅ ነው። ይህን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ ለወራት ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በመላ ኢትዮጵያ ሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለብዙው ሕዝብ ሁለት ዓመት ያህል ጨለመ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ውጊያ ሲነሳ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ሱዳን በጦርነቱ መካከል፣ በፌብሩዋሪ 2024፣ ብዙው አገር ከኔትወርክ ወጣ። እዚህ ዩጋንዳም በጃንዋሪ 2021 ምርጫ ዋዜማ ኢንተርኔቱ ለቀናት ጠፋ፣ ፌስቡክ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ታግዶ ቆየ።

ልብ በሉ፣ የመዝጋት ዘመን ሲያልፍም ኮምፒዩተራችን ውስጥ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ሲዘጋብን ያገኘነውን ነፃ ቪፒኤን ሁሉ ጫንን። አንዳንዱ ፕሮግራም ትራፊካችሁን በራሱ በኩል ለማሳለፍ የዊንዶውስን «ፕሮክሲ» ይቀይራል። ፕሮግራሙ በድንገት ሲሞት ወይም መብራት ሲጠፋ ያ ቅያሬ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ፒንግ በሙሉ ይሠራል፣ ብራውዘሩ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም። ሴቲንግ፣ ከዚያ ኔትወርክ፣ ከዚያ ፕሮክሲ ግቡና በእጅ የተሞላውን አጥፉት። የማትጠቀሙበትን ቪፒኤንም አራግፉ።

አምስተኛው በር ሰዓት ነው፤ ይሄኛው የእኛው የሐበሾች ጉዳይ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብራውዘር የሚገባበትን ገጽ ማንነት በሰርተፊኬት ያረጋግጣል። ያ ሰርተፊኬት የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። በርዳታ የሚመጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ደግሞ የውስጥ ባትሪያቸው ስለሚሞት በተነሡ ቁጥር ቀኑን ይረሳሉ። ባለቤቱ ቀኑን ሲሞላ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሞላው ማሽኑ ከዓለም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ለዚያ ማሽን ዘንድሮ የተሰጠ ሰርተፊኬት ገና ያልተወለደ ነው፤ ስለዚህ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ በር ይዘጋል። ዘመን አቆጣጠራችን ኩራታችን ነው፣ በልባችንና በግድግዳችን እንያዘው። የኮምፒዩተሩን ሰዓት ግን በፈረንጆቹ ሙሉለት።

አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ «ኢንተርኔት የለም» የሚለውን ምልክት የሚያወጣው ወደ ድርጅቱ አድራሻ አንዲት ትንሽ ፋይል ጠይቆ መልሱ ሲቀርበት ነው። ቪፒኤን ወይም እገዳ ያን ጥያቄ ብቻ ከከለከለው ኢንተርኔቱ እየሠራም «የለም» ሊል ይችላል። ምልክቱን ሳይሆን ፒንጉን እመኑ።

አሁን በአገር ቤት ላላችሁ ቤተሰቦችና በየስደቱ ላላችሁ ሁሉ። ሁለት ዓመት ከትግራይ ድምፅ ያጡ ልጆች የወላጆቻቸውን ሞት የሰሙት መስመሩ ሲከፈት ነው። ይህ ሐዘን ተረት አይደለም፣ መካከላችን ተቀምጧል። በሌላ በኩል ደግሞ ፓኬጅ ያለቀበት ልጅ ለሦስት ቀን ሲጠፋ «ባሕር ገባ፣ ታሰረ» እየተባለ ቤተሰብ የሚያለቅስበት ጊዜ አለ። ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። ኢንተርኔት ጠፍቶ ስልክ ይሠራ ይሆናል፣ ስልክ ጠፍቶ አጭር መልእክት ያልፍ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ፣ መስመሩ ሳለ፣ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ፦ ከአንድ በላይ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጻፉ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ማን ለማን እንደሚደውል ወስኑ።

ኬዝ ያላችሁም እንዲሁ። ቀጠሮ በኢሜይል ብቻ የምትጠብቁ ከሆነ በአካል ሄዳችሁ ተለዋጭ ስልክ አስመዝግቡ። ኔት ጠፍቶ ፎርም ካመለጣችሁ ስክሪኑን ከነቀኑ በስልክ ፎቶ አንሡና ያዙ። «ኢንተርኔት አልነበረም» ብሎ መናገርና ማሳየት ይለያያሉ።

አድራሻ፣ ስም፣ ባሕር፣ የሰው እጅ፣ ሰዓት። ላፕቶፑን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን አምስት በሮች በተራ አንኳኩ። ክሩ የተበጠሰበትን ያወቀ ሰው ቢያንስ ማንን እንደሚጠይቅና ስንት ቀን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

የሞከራችሁትንና ያያችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ በተራ እመልሳለሁ። ፌስቡክ ለማይከፈትላቸው ኮፒ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። ለሚያስፈልገው ሁሉ ሼር ይደረግ።

ሰላም ሁኑልኝ።